በለቅሶ የሚለይ ወገን

ስሙን የሚያውቁት የሞቱበት፣ ያልሞቱትም ማወቃቸውን የማያወሩበት አንድ መንግሥት ነበረ። በዚያ መንግሥት ዋና ከተማ ዳር፣ የቅጥሩ ጥላ እንኳ በማይደርስበት ቦታ፣ ተጠጋ የሚባል ሰፈር ነበረ። ከተራራው ጉም ውስጥ የወረዱ፣ ከአሸዋው ሜዳ ውኃ ፍለጋ የመጡ፣ ሐይቁ ሲሸሽባቸው ከሸንበቆው መካከል ወጥተው የተሰደዱ ሰዎች ናቸው የቆረቆሩት። ጉሞች፣ አሸዋዎች፣ ሸንበቆዎች ይሏቸዋል። ወደ ቅጥሩ የሚያስገባቸው ሲያጡ እርስ በርሳቸው ተጠጋጉ።

መጠጋጋታቸው ለወሬ ያህል አልነበረም። በተጠጋ ባለ አራት ግድግዳ ቤት አይገኝም። አዲስ መጪ ሦስት ግድግዳ ያቆማል፤ አራተኛውን ከጎረቤቱ ይደገፋል። አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ወዲያኛው ቤት "ይማርህ" ይባላል፤ አንዱ ቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ወዲያኛው ቤት ሽምግልናው ይጀመራል። ልጅ ሲወለድም ስም የሚያወጣው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ስሙን ሰምቶ ሰውየው ከጉሞች ይሁን ከሸንበቆዎች የሚያውቅ አልነበረም፤ ለማወቅም የሚደክም አልነበረም።

ሞት ሲመጣ ደግሞ ልማዱ ይህ ነበር። የሟቹ ቤት ሰው አያለቅስም። ቀብሩ እስኪፈጸም አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሟቹ የሚወደውን ሰው ድምፅ ከሰማ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፣ ዞሮ ያየም ይሰናከላል ይላሉ። የሚያለቅሰው ጎረቤት ነው። ጎረቤትም የሚያለቅሰው በራሱ ቋንቋ ሳይሆን በሟቹ ነው፤ ሰው ወደዚያኛው ዓለም ሲሄድ የለመደውን ሁሉ ጥሎ፣ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ የሰማውን ብቻ ይዞ ይሄዳልና። በተጠጋ ያደገ ሁሉ በሦስት ቋንቋ መነገድ ባይችል እንኳ በሦስት ቋንቋ ማልቀስ ይችል ነበር። ይህን ልማድ ከቅጥሩ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የዳር ሰው ቀብር ማን ሊደርስ!

እንዲህ ሲኖሩ፣ አንድ ቀን ንጉሡ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ይዘው ሰገነት ላይ ወጡ። እንግዳው ተጠጋን አየና "ያ የወዳደቀው ነገር ምንድን ነው?" አለ። ንጉሡ አፈሩ። የንጉሥ እፍረት ደግሞ ሌላው ሰው ነው የሚከፍለው። በማግስቱ አዋጅ ወጣ፦

"የከተማችን ዳር ይመር! ተጠጋ ፈርሶ የመኳንንት አጸድ ይሁን። ነዋሪዎቹም እንዳይጋፉ ስለምናዝንላቸው፣ አዲስ ቤት በየወገናቸው ተሠርቶላቸዋል። ጉሞች ምንጭ ባለበት ኮረብታ፣ አሸዋዎች ከወንዙ ማዶ ባለው አቧራ፣ ሸንበቆዎች በረግረጉ። ሁሉም እንደ አመጣጡ! ወገናቸው የተለያየ ባልና ሚስት በየወገናቸው ሰፍረው በዓል በመጣ ቁጥር ይጠያየቁ።"

ንጉሡ ከጉሞች ወገን ነበሩ። ምንጩ የማን እንደ ሆነ አዋጁን ሳይሰሙ መገመት ይቻል ነበር።

በተጠጋ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከጉሞች ናት። ባሏ ማንደፍሮ ከሸንበቆዎች ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው እርስ በርስ ነው፤ በተረፈ የትርንጎ አባት አያ ጥጋቡ አብረዋቸው ይኖራሉ። ትርንጎ በሰፈሩ በአፏ የታወቀች ናት። እሷ መናገር ስትጀምር ውሻ መጮኹን ይተዋል ይባል ነበር። ማንደፍሮ ግን ዝምተኛ ነው፤ አንዳንዶች ተፈጥሮው ነው ይላሉ፣ አንዳንዶች ተራ ስላልደረሰው ነው ይላሉ። አዋጁ በተነገረ ቀን ትርንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጠራት። እሷ በኮረብታው፣ እሱ በረግረጉ። የረግረጉ ንዳድ ሰውን በአንድ ክረምት እንደሚጨርስ ሁሉም ያውቃል።

"በዓል ስንት ጊዜ ነው በዓመት?" አላት ማንደፍሮ።

"ዝም በል!" አለችው፤ እሱም እንደ ልማዱ ዝም አለ።

ሰፈሩን ለማሳመር የተሾሙት ሰው ሊቀ ማሳመር ይባሉ ነበር። አንዱ ወንበራቸውን፣ አንዱ ጥላቸውን፣ አንዱ ደግሞ ቁጣቸውን ይዞ ይከተላቸዋል፤ እሳቸው ሲደክማቸው እሱ ይቆጣላቸዋል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ጉሮሮ ጠራጊው ነበር። ሊቀ ማሳመር ሊናገሩ ሲሉ ቀድሞ የሚያስልላቸው እሱ ነው። ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሲጠየቅ አንድ ጊዜ ካሳለ እውነት ነው ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ካሳለ ሐሰት። ጆሮው የሠለጠነ ነው ስለሚባል ምስክርነቱ በችሎት ይታመን ነበር።

መለየቱ ግን አልሆነላቸውም። በልብስ ሊለዩ ሞከሩ፤ የተጠጋ ሰው ይዋዋሳል። በወጥ ሊለዩ ሞከሩ፤ ከየቤቱ እየዞሩ ቀመሱ፤ ሊቀ ማሳመር ወፈሩ እንጂ ሌላ የተገኘ ነገር የለም። በመጨረሻ በግልጽ ጠየቁ።

"ወገንሽ ማን ነው?" አሏት የትርንጎን ጎረቤት፣ ከአሸዋዎች የሆነችውን ዝማምን።

"ትርንጎ ናት።"

"የትርንጎስ ወገን?"

"እኔ ነኛ! ሌላ ማን ግድግዳ ሊያውሳት ኖሯል?"

ነገሩ ወደ ቤተ መንግሥት ሊቃውንት ተላከ። ሊቃውንት ደግሞ ለጠየቃቸው ንጉሥ መልስ አጥተው አያውቁም፤ የሚያጡት ለጠየቃቸው ድኻ ነው። ሲመክሩ ሰነበቱና "ሰው በለመደው ይስቃል፣ በተወለደበት ያለቅሳል። ቀብር ላይ ጠብቋቸው፤ በምን ቋንቋ እንዳለቀሱ ሰምታችሁ ለዩዋቸው" ብለው ፈረዱ። ንጉሡ ካባ አለበሷቸው።

እንግዲህ የቀረው ሰው መሞቱ ነበር። በሰፈሩ ለሞት የቀረቡት አያ ጥጋቡ ናቸው። የተጠጋን ግድግዳ ግማሹን ያቆሙት እሳቸው ሲሆኑ፣ አሁን እግራቸው አብጦ በር ላይ በጠፍር አልጋ ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉሮሮ ጠራጊው በየማለዳው ይላክና ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ያስላል።

"አልሞትኩም!" ይላሉ አያ ጥጋቡ።

ሰውየው እጅ ነሥቶ ይሄዳል። በነጋታውም መጥቶ ያስላል።

"አሁንም አልሞትኩም፤ ምን ላድርግልህ ልጄ? አንተ ግን ሳልህን ብትታከመው ይሻልሃል፤ እንዳትቀድመኝ።"

ትርንጎ ታዲያ ከውስጥ ትወጣና አፏን ትከፍትበታለች። "አንተ የሰው ጥንብ አንሣ! አባት የለህም? ሂድና የራስህን አባት ደጅ ቆመህ ሳል! ጉሮሮህን አጥንት ያንቀውና!" ድምፅዋ እስከ ቅጥሩ በር ይሰማል። ሰውየው ፊቱ አይለወጥም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሰማና ስትጨርስ ይሄዳል።

አያ ጥጋቡ ለመንግሥት ብዬ አልሞትም ብለው ብዙ ቆዩ። ሞት ግን ከመንግሥት ይበረታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ወደ አልጋው ጠሯት።

"ትርንጎ፣ አንቺ ልጅ፣ መሄዴ ነው።"

"አባዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡ። እርስዎ ከሞቱ ይለዩናል።"

"ታገሥኩ እኮ። ስሚ። በዕድሜሽ አንድም ቀን ታዘሽኝ አታውቂም፤ ግድ የለም፤ የእናትሽ ነው። እኔን ስትሸኚ ግን አፍሽን ዝጊ። ተሰናክዬ እንዳልቀር።"

"እዘጋለሁ አባዬ።"

"ማይልኝ።"

ማለችላቸው። ሲመሽ ሄዱ።

ለቀብሩ የተጠጋ ሰው ሁሉ ወጣ። ሊቀ ማሳመርም ከነወንበራቸው፣ ከነጥላቸው፣ ከነቁጣቸው መጥተው ከመቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ። አሽከሮቻቸው ሦስት እንቅብ ሙሉ ጨርቅ ይዘዋል፤ በጉሞች ቋንቋ ላለቀሰ ነጭ፣ በአሸዋዎች ላለቀሰ ቀይ፣ በሸንበቆዎች ላለቀሰ አረንጓዴ ጨርቅ ክንዱ ላይ ሊያስሩለት።

ሬሳው ሲደርስ ቀድማ የጮኸችው ዝማም ናት። የአሸዋ ልጅ በጉሞች ቋንቋ ሙሾውን አወረደችው፤ "የግድግዳው ጌታ፣ የማን ቤት ሊያቆሙ ሄዱ" እያለች። ከዚያ ሸንበቆዎቹ ተቀበሏት፤ አሸዋዎቹ ተቀበሏት፤ ሰፈሩ በአንድ አፍ፣ በጉሞች ቋንቋ፣ አያ ጥጋቡን ሸኘ። አንድ ሰው እንኳ በሌላ ቋንቋ ወዮ ያለ የለም።

አሽከሮቹ እየዞሩ ነጭ ጨርቅ አሰሩ። አሰሩ፣ አሰሩ፣ እንቅቡ ባዶ ሆነ። የወንበር ያዡን ነጠላ ቀደዱ። እሱም አለቀ። በመጨረሻ የሊቀ ማሳመር የራስ ጥምጥም ተፈትቶ ተቀደደ። ቀዩና አረንጓዴው ሳይነካ ተቀምጧል።

ሊቀ ማሳመር በራቁት ራሳቸው ተነሡ። ጉሮሮ ጠራጊው አሳለ።

"ለካ ሁላችሁም የንጉሣችን ወገኖች ናችሁ!" አሉ። "ታዲያ እንዲህ ስታደክሙን የሰነበታችሁት ለምንድን ነው?"

የተጠጋ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም ይህን አላሰበውም ነበር። እነሱ የመጡት አያ ጥጋቡን ሊቀብሩ ነው። ቀስ እያለ ግን ነገሩ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን ተላለፈ፤ ሁሉም ጨርቅ የታሰረበትን ክንዱን በሌላው እጁ ያዝ አደረገው፣ እንዳይወስዱበት።

በዚህ ጊዜ ነው ሊቀ ማሳመር ክንዳቸው ባዶ የሆነ ሁለት ሰዎች ያዩት። ከመቃብሩ ራስጌ ትርንጎና ማንደፍሮ አፋቸውን ዘግተው ቆመዋል።

"እነዚህስ? አባታቸው ሞቶ አያለቅሱም? በምን ቋንቋ ነው የማያለቅሱት?"

 ልማዱን መንገር ማለት ያለቀሰው ሁሉ በሰው ቋንቋ ማልቀሱን መንገር ነው። ያን ጊዜ ኮረብታውም ይቀራል፣ ምንጩም ይቀራል፣ ሰፈሩ ሦስት ቦታ ይቆረጣል። ዝማም ዓይኗን ሳታሽ ቀረበች።

"ዲዳ ናት፣ ጌታዬ።"

"እሱስ?"

"እሱም ዲዳ ነው። ዲዳ ለዲዳ ተጋቡ። እንዲያውም ከሰፈራችን ሁሉ ሰላም ያለው ቤት የእነሱ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው፤ ሌላው ሳቁን በለቅሶ ሸፈነው። ትርንጎ ዝማምን በዓይኗ በላቻት።

ሊቀ ማሳመር ግን የአዋጁን ቃል በቃላቸው ያውቁ ነበር። "ዲዳ ወገን የለውም፤ አፍ የሚሆንለት ሰው ባለበት ይስፈር ይላል አዋጁ። ካልሆነ ግን፣ አፍ እያላቸው ወገናቸውን የደበቁ ከሆነ፣ እሷም እሱም ከድንበር ውጭ ይጣላሉ። እኔን በድኻ ብልሃት ማታለል አይቻልም። እፈትናታለሁ።"

ወደ ትርንጎ ቀርበው ፊቷ ላይ ቆሙ።

"አባትሽ ግንበኛ ነበር አሉ። በመንገዴ አየሁት ሥራውን። ቆሞ የሚሄድ ሰካራም ይመስላል።"

ትርንጎ ነጠላዋን ነከሰች።

"ሚስቱስ ትወደው ነበር? ወይስ እሷም ወደ ጎረቤት ትደገፍ ነበር?"

የአንገቷ ሥር ተገተረ። ማንደፍሮ እጇን ያዘ፤ ጥፍሯ መዳፉ ውስጥ ገባ። አላስለቀቃትም።

ሊቀ ማሳመር ፈገግ አሉና በእግራቸው አዲሱን አፈር መታ መታ አደረጉት። "በነገርሽ ላይ፣ እዚህ ላይ የሚሠራው የመኳንንቱ በቅሎዎች ጋጥ ነው። አባትሽ ከእንግዲህ ብቸኝነት አይሰማውም።"

ያን ጊዜ የትርንጎ አፍ ተከፈተ። መሐላዋን አልረሳችም፤ ግን ሰው የሚችለው እስኪሞላ ነው። ድምፁ ከሆዷ ሲነሣ ያየችው ዝማም ዘላ አፈሩ ላይ ወደቀች፤ "ወዮ አያ ጥጋቡ!" ብላ በጉሞች ቋንቋ ጮኸች፤ ሰፈሩም ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አብሯት ጮኸ። ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ተነሥተው በረሩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የትርንጎ ለቅሶ ወጣ፤ ሙሉ፣ ያልታፈነ፣ ለአባቷ የሚገባውን ያህል። በሕዝቡ ድምፅ ተሸፍና የልቧን አለቀሰች።

ሊቀ ማሳመር ጆሯቸውን ይዘው ጸጥታ አዘዙ። ቁጣ ያዡ ተቆጣላቸው። ጸጥ ሲል ጣታቸውን ወደ ትርንጎ ቀሰሩ።

"አፏ ተከፍቶ አይቻለሁ! ድምፅ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?" ወደ ጉሮሮ ጠራጊው ዞሩ። "አንተ አጠገቧ ነበርክ። ጆሮህም የታወቀ ነው። ደግሞ በየማለዳው ቤታቸው ትሄድ ነበር። ይህች ሴት ትናገራለች?"

ትርንጎ ጥንብ አንሣ ያለችው፣ ጉሮሮህን አጥንት ያንቀው ያለችው ሰው ነው። በዚያ አገር ውስጥ ድምፅዋን የእሱን ያህል ጠግቦ የሰማ የለም።

ጉሮሮ ጠራጊው አያት። ደረቱን ሞላ። አሳለ።

ሰፈሩ ቆጠረ፤ አንድ።

ደግሞ አሳለ።

"ሐሰት ነው ማለት ነው" አሉ ሊቀ ማሳመር፣ ቅር እያላቸው። "እንግዲያውስ ዲዳ ናት። አፍ የምትሆናቸው ይህች ጯሂ ትሁን፤ ከእሷ አጠገብ ይስፈሩ።"

ሕዝቡ ሲበተን ጉሮሮ ጠራጊው በማንደፍሮ አጠገብ አለፈ። ሲያልፍም አንገቱን ሳያዞር፣ ዝገት በያዘው ድምፅ፣ በሸንበቆዎች ቋንቋ "ውኃው ይሸኛቸው" አለው። ይህ ከሐይቁ ዳር የተወለደ ሰው ብቻ የሚያውቀው የማጽናኛ ቃል ነው። ማንደፍሮ ያን ጊዜ ገባው፤ ሰውየው ዘመኑን ሁሉ ሲያስል የኖረው አፉን ከፈተ ማለት አነጋገሩ አሳብቆበት ከቤተ መንግሥት ወጣ ማለት ስለሆነ ነው። ለትርንጎ ሲነግራት፣ "ስንቱን ሰደብኩት!" አለች በሹክሹክታ።

"ደህና አድርገሽ" አላት ማንደፍሮ። "አፉን መክፈት ቢችል ኖሮ፣ በየማለዳው የሚልኩትን ራሱም እንዲያ ይሰድባቸው ነበር።"

ተጠጋ ፈረሰ። የአያ ጥጋቡ ግድግዳዎች በቀላሉ አልወደቁም፤ አንዱን ሲገፉት ሌላው ይደግፈዋል፤ አፍራሾቹ ለመንግሥት የነገሩት ቀን አለፈ። ጋጡ ግን ተሠራ። ትርንጎ ይህን እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችም፤ ሊያስረሳትም የሞከረ የለም።

ሕዝቡ ነጭ ጨርቁን እንዳሰረ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሊቀ ማሳመር ቤት ያከፋፈሉት ራሳቸው ስለሆኑ፣ ትርንጎ በመንገዱ ሁሉ፣ በርክክቡም ሁሉ ዲዳ ሆና ቆየች። ልጆች ይህን አውቀው በፊቷ እየመጡ "እትዬ ትርንጎ፣ ዛሬ ለምን አትሰድቢንም?" ይሏት ነበር። በዓይኗ ብቻ ቀጠሮ ትይዝላቸዋለች።

በመጨረሻው ቀን አዋጅ ነጋሪው ምንጩ አጠገብ ቆሞ "ይህ ሰፈር ከዛሬ ጀምሮ የጠራ፣ ያልተቀላቀለ፣ የአንድ ወገን ሰፈር ሆኗል" ብሎ አወጀ። ጆሮው የደከመ አንድ ሽማግሌ በአሸዋዎች ቋንቋ ጎረቤቱን "ምን አለ?" ሲል ጠየቀው።

"አንድ ሆናችኋል ነው የሚለው" አለው ጎረቤቱ በሸንበቆዎች ቋንቋ።

"ታዲያ ለዚህ ነው ኮረብታ ላይ ያወጡን?"

ሊቀ ማሳመር ለዚህ ሥራቸው ተሸለሙ። አዋጁ ኋላ በደረሳቸው በሌሎቹ የከተማ ዳር ሰፈሮች ግን ነገሩ እንዲህ አላለቀም። በዚያ ሁሉም የራሱን ሬሳ በራሱ ቋንቋ የሚያለቅስ ስለነበረ፣ በአንድ ቀብር ተለይተው አለቁ፤ ቀይ የታሰረለት ወደ ቀይ፣ አረንጓዴ የታሰረለት ወደ አረንጓዴ ሄደ። ባልና ሚስት በበዓል ሲጠያየቁ ኖረው፣ ኋላ መጠያየቁም ቀረ። ከተማው አማረ። እንግዶች ሰገነት ላይ ወጥተው ዳሩን አይተው ያደንቃሉ፤ ማን ይኖርበት ነበር ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ግን አልመጣም።

ሊቀ ማሳመርና አሽከሮቻቸው ከኮረብታው የወረዱ ዕለት ትርንጎ አዲሱ ቤቷ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። የበቅሎዎቹ አቧራ መታጠፊያው ላይ እስኪጠፋ አየች። አሁን መናገር ትችላለች። ሰፈሩም ይህን ያውቃል፤ በየበሩ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ያህል ጊዜ ታፍኖ የከረመ አፍ ሊቀ ማሳመርን ከየት ጀምሮ እንደሚያነሣቸው፣ እስከ ስንተኛ ትውልዳቸው እንደሚወርድ ለመስማት ጆሮውን አቁሟል።

ኮረብታው ይበርዳል፤ ነፋሱ ከዚያ በፊት የማያውቁት ነፋስ ነው። ትርንጎ ወደ ውስጥ ዞራ ባሏን አየችው። ማንደፍሮ ምድጃ ሠርቶ፣ እንጨት ደርድሮ፣ እጁን እያሻሸ ተቀምጧል። እዚያው ነው። በረግረጉ አይደለም።

ስድቡን ሁሉ ረሳችው። ወደ ውጭ ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንደ ድሮው እስከ ቅጥሩ በር በሚሰማው ድምፅ ተጣራች።

"ዝማም! እሳት አለሽ?"

ኮረብታው ሁሉ ሳቀ።

"ዲዳዋ ናት?" አለች ዝማም ከቤቷ ሆና። "ነይ ጫሪ፣ ሳይጠፋ!"

ትርንጎ ገል ይዛ ሄደች።